ከሲቀላ እስከ ጨንቻ፦ ልብን ደረጃ በደረጃ ማሠልጠን

ልብ የሚለወጠው እንደሚሰጠው ሥራ ነው። ረጅም ሩጫ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚያበዛ የግራው የታችኛው ክፍል እየሰፋ ይሄዳል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደምም ይጨምራል። ከባድ ክብደት ማንሳት ደግሞ የደም ግፊትን ለአፍታ ሽቅብ ስለሚያወጣው፣ ያን ግፊት የሚገፋው የልብ ግድግዳ ሊወፍር ይችላል። ተመራማሪው ሞርጋንሮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ሯጮችንና ዋናተኞችን ከትግል ተጫዋቾችና ከአሎሎ ወርዋሪዎች ጋር አወዳድረው ይህን ልዩነት ጽፈዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች የግድግዳው ውፍረት ያን ያህል ጎልቶ አላገኙትም፤ የሯጮቹ ልብ መስፋት ግን ጸንቷል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ ስፖርት የምትጀምሩ ሁሉ መሠረቱን በሶምሶማ ጣሉ፤ ክብደቱ ይደርሳል።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ በአውራ ጣት በኩል አንጓችሁ ላይ የልብ ምታችሁን ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙና ጻፉት። የአዋቂ ሰው ምት ዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው፤ በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ከ50 በታች ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሶምሶማ ሩጡ። በቀስታ!

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። ከተማችን 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ሙቀት ሲበረታ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ላብ ደግሞ የደሙን መጠን ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ሲያንስበት በፍጥነት በመምታት ያካክሳል። ስለዚህ በ10ኛው ደቂቃ የቀለላችሁ ፍጥነት በ25ኛው ደቂቃ ልባችሁን ሊያስጨንቅ ይችላል፣ እግራችሁ ምንም ሳይጨምር። ያኔ ፍጥነቱን ለመጠበቅ አትታገሉ፤ ቀንሱ። ካስፈለገ በእግር ሂዱ፤ አያሳፍርም።

እኔ ከእጅ ሰዓት ይልቅ የሩጫ ጓደኛ እመርጣለሁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻላችሁ ልካችሁ ነው፤ ቃል እየቆራረጣችሁ መናገር ከጀመራችሁ አልፋችኋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ፀሐዩ ሳይከር ግቡ፣ ውሃ ጠጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በከተማችን ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት እርሱት። ጓደኞቻችሁ ሽቅብ ቢወጡም እናንተ ሜዳ ሜዳውን ያዙ።

ሁለት ወር ገደማ ሠርታችሁ የጠዋቱ ምት ዝቅ ማለት ሲጀምር ዳገቱ ጊዜው ደርሷል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ደቂቃ ጠንክራችሁ ወጥታችሁ በእርምጃ ውረዱ፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይበቃል። ይህ ልብን ወደ ከፍተኛ አቅሙ ያስጠጋዋልና በማግሥቱ እረፉ። ክብደት በሳምንት ሁለቴ፤ ስትገፉ ትንፋሽ አውጡ። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ግፊቱን ያለ ቅጥ ያንረዋል።

በዶርዜ አድርጋችሁ ጨንቻ ከወጣችሁ፣ ወደ 1,400 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ላይ ናችሁ። ብርዱ ያታልላል፤ ላብ ስለሚያንስ የቀለለ ይመስላል። አየሩ ግን ስስ ነው፤ ልብ በዚያው ፍጥነት የበለጠ ይመታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከታች ከለመዳችሁት በዝግታ ሩጡ።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። በአገራችን በልጅነት በቅጡ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የብዙ ወጣቶችን የልብ ቫልቭ ይጎዳል። በልጅነታችሁ መገጣጠሚያችሁን እያሳበጠ ትኩሳት የያዛችሁ፣ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ያለባችሁ፣ ወይም ስትሮጡ ራሳችሁን የሳታችሁና ደረታችሁን የጨመቃችሁ ካላችሁ፣ ጫማችሁን ከማሰራችሁ በፊት ሆስፒታል ሄዳችሁ ልባችሁን በኢሲጂና በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ተመርመሩ።