ታካሚ ይዞ እንጦጦ መውጣት፦ ስለ አደጋ፣ ስለ ዋስትናና ስለ አንደበት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ታካሚዎቼን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ይዣቸው እወጣለሁ። ክሊኒክ ውስጥ ሃያ እርምጃ ሄደው «ደከመኝ» የሚሉ ሰዎች ባሕር ዛፉ ውስጥ ወሬ ከያዙ አንድ ሰዓት ሙሉ ይራመዳሉ። ግድግዳውና ጣሪያው ሲቀር ግን አደጋውም ኃላፊነቱም መልኩን ይቀይራል። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ካላችሁ፣ እኔ ዘግይቼ የያዝኩትን ቅደም ተከተል ከአሁኑ ያዙት።

መጀመሪያ መንገዱን ብቻችሁን ሂዱበት፤ ታካሚ በምትወስዱበት ቀንና ሰዓት ይሁን። ዳገቱን አትፍሩት፤ ዳገት ሰውን ያደክማል እንጂ እምብዛም አይጥልም። የሚጥለው ቁልቁለቱ ነው። የባሕር ዛፍ ፍሬ ደረቅ አፈር ላይ ከጫማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። ስልክ የማይሠራበትን ቦታ አስታውሱ። አምቡላንስ ሊቆም የሚችልበትን ቦታም በምልክት መዝግቡት፦ «ከእንጦጦ ማርያም በላይ፣ ከአስፋልቱ በስተቀኝ» እንደሚባለው። የቀይ መስቀሉ 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋው 939 በሁሉም አስተባባሪ ስልክ ላይ ይግቡ። ነጎድጓድ ከተሰማ መውረድ ነው፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትመለሱ፤ ዛፍ ሥር መጠለልማ ፈጽሞ አይሆንም።

ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ እወቁ። የደም ግፊቱ የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 የደረሰ ሰው ያን ቀን ከእኔ ጋር አይወጣም፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የስኳር መውረድ ነው። በጾም ወቅት ኢንሱሊን ተወግተው ወይም ግሊቤንክላሚድ ውጠው፣ እህል ሳይቀምሱ የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ሲጠየቁም «ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ። አትመኑ፣ ለኩ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ90 በታች ከሆነ አንድ ነገር ሳይቀምስ አይነሳም። መንገድ ላይ ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በውኃ በጥብጣችሁ ስጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ከዱባይ ወይም ከድሬዳዋ በገባ ማግሥት «እኔም ልምጣ» የሚል ዘመድ ካለ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

የስምምነት ቅጽ አስፈርሙ፤ መንገዱን፣ አደጋውን፣ ሲያማቸው የሚደወልለትን ሰው የያዘ አንድ ገጽ ይበቃል። «ፈርመዋልና አልጠየቅም» ብላችሁ ግን አትተኙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያስገድዳል። ፊርማው ታካሚው አደጋውን ማወቁን ቢያሳይ ነው፤ የእናንተን ጥፋት አይፍቅም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። ሦስት ዓይነት ውል ያስፈልጋችኋል። የሙያ ኃላፊነት ዋስትና የተሳሳተ ምክር ሰጥታችሁ ወይም ያለ አቅሙ ያስኬዳችሁት ሰው ሲጎዳ ነው። የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ዋስትና ከሕክምናው ውጭ በእናንተ እንቅስቃሴ ሰው ወይም ንብረት ሲጎዳ ነው። የቡድን የግል አደጋ ዋስትና ደግሞ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይል ለተጎዳው ይከፍላል። ገንዘብ ቢያጥራችሁም ይህን ሦስተኛውን እንዳትተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ውሉ ላይ «የሥራ ቦታ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የክሊኒካችሁ የቤት ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ከሆነ እንጦጦ ላይ ዋስትና የላችሁም። የሽያጭ ሠራተኛው «ችግር የለም፣ ይሸፍናል» ይላችኋል። ይጻፈዋ! ከክሊኒኩ ውጭ የሚደረግ የቡድን የእግር ጉዞ፣ ቦታው ተጠቅሶ፣ በኢንዶርስመንት (ከውሉ ጋር በሚያያዝ የጽሑፍ ማሻሻያ) ይግባ። የበጎ ፈቃደኛ ረዳቶቻችሁም እንዲካተቱ አድርጉ። ከዚያ ሁለት ቁጥሮች እዩ፦ ለአንድ አደጋ የሚከፈለው ጣሪያና ለዓመቱ በጠቅላላ የሚከፈለው ጣሪያ። መጀመሪያ ከራሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻም አለ። ታካሚ በግል መኪናችሁ አሳፍራችሁ ሒሳብ የምትቀበሉ ከሆነ ለመኪናው ኢንሹራንስ ሳትናገሩ አታድርጉት።

ይህን ሁሉ አሟልቼ ነበር። ኢንዶርስመንቱ ሳይቀር ነበረኝ፤ የግል አደጋው ብቻ ቀርቶ። የጣለኝ አንደበቴ ነው።

አንዲት እናት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬው አንሸራተታቸውና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጃቸው ሆስፒታል ሲደርስ ደንግጬ፣ አፍሬም «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስኪድኑ ድረስ የማሳክመው እኔ ነኝ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ቡና ተፈላ፣ ተመካከርን፣ የሕክምናውን ወጪና የተወሰነ ካሳ እንድከፍል በወረቀት ተስማምተን ፈረምኩ። ሁሉም መረቁኝ። በአገራችን ወግ የሚገባውን ያደረግኩ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

ወጪውን እንዲከፍል ስጠይቅ የመድን ድርጅቱ መልስ ሁለት አንቀጽ ነበር። በውሉ መሠረት መድን ገቢው ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋትን ማመን፣ ክፍያ ቃል መግባት ወይም መደራደር አይችልም፤ ስለዚህ አንከፍልም። በጣም ተናድጄ ነበር። ውሉን አውጥቼ ሳነብ ግን ቃል በቃል እዚያው አለ፤ እኔ የአረቦኑን መጠን አይቼ የዘለልኩት ገጽ ላይ። እንዲህ ያለ አንቀጽ በኃላፊነት ዋስትና ውሎች የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም የገባሁት ቃል የሚከፈለው ከእነሱ ካዝና ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ የኔው አፋፉን አልፎ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

ስለዚህ በዚያች ሰዓት ምን እንደምትሉ ከአሁኑ ተለማመዱ። ይህ ማለት ጨካኝ ሁኑ ማለት አይደለም። አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ ደግፏቸው፣ ምሳ ይዛችሁ ጠይቁ፣ «እግዜር ይማርዎት፣ አይዞዎት» በሉ። ስለ ጥፋትና ስለ ገንዘብ ሲነሳ ግን «ዋስትና አለን፤ ዛሬውኑ አሳውቃለሁ፤ የነገሩኝን መጥቼ እነግራችኋለሁ» ብላችሁ ዝም። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ፊቱን ያጠቁርባችኋል፤ ቻሉት። እዚህ ላይ ነው የግል አደጋው ዋስትና የሚጠቅማችሁ፦ የመጀመሪያው የሕክምና ወጪ ከእሱ ሲወጣ ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ኤክስሬዩ ይነሳል፣ ጀሶው ይታሠራል፣ የቤተሰቡም ቁጣ ይበርዳል። አሁን እኔ ሁሉንም ተሳታፊ በዚህ አስመዘግባለሁ፣ ክፍያውንም የቅዳሜው ሒሳብ ላይ እጨምረዋለሁ።

ሽማግሌ ሲመጣ አትሽሹ፤ «ከመድን ድርጅቱ ፈቃድ እስካገኝ ታገሡኝ» በሉ። ፈቃዱ በጽሑፍ ከመጣ በኋላ ሽምግልናው ይቀጥላል። እስከዚያ ቡናውን ጠጡ፤ ወረቀቱን ግን አትንኩ።

አደጋውን ለመድን ድርጅቱ ማስታወቁ ጊዜ አይሰጥም። የኔ ውል አምስት ቀን ይላል፤ የእናንተን ተመልከቱ። በስልክ መናገር አይበቃም። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የተለካው ስኳርና ግፊት፣ ማን እንደነበረ። «በቸልተኝነቴ» የሚል ቃል አይግባ። በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና በግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት መንገዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በማግሥቱ ያ ፍሬ ተጠርጎ ወይም ዝናብ ወስዶት ይሆናል።

ውሉን ስታድሱ ቅጹ «ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አዎ ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ፤ ከደበቃችሁት በሚቀጥለው አደጋ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናቸዋል። እኔ ስጽፍ አረቦኔ ጨመረ።