ከሰልና በቀለም የተበከለ ውኃ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶች አክርማ ሲነክሩ የገበያውን የዱቄት ቀለም በፈላ ውኃ ይበጠብጡታል። የተረፈውም ደጅ ይደፋል። ከአንድ ቤት የሚደፋው ጥቂት ነው፤ ወደ ፋብሪካ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገኘው በዓባይ አጠገብ ነው፤ ዓባይም ከዚያ ወርዶ ምሥራቅ ጎጃምን በጥልቅ ሸለቆ ይዞራል። ቀለም የበዛበት ውኃ የፀሐይን ብርሃን ስለሚከለክል በውስጡ የሚበቅሉት ዕፀዋት ይጎዳሉ፤ ከቀለሞቹም መርዝነት ያላቸው አሉ።

ታዲያ ቀለሙን እንዴት እናውጣው? አንዴ ከሟሟ በኋላ በጨርቅ ቢያጠልሉት አብሮ ያልፋል። ከሰል ግን ቀለምን ስቦ በገላው ላይ ያጣብቃል፤ ይህንም ሎቪትስ የተባለ ኬሚስት በሩስያ አገር በ1785 እ.ኤ.አ. አስተውሎታል። ሆኖም ቡና የምናፈላበት ከሰል ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ጥቂቶች፣ ያሉትም በዝፍት መሰል ነገር የተደፈኑ ናቸውና። ስለዚህ ባለሙያዎች የደረቀውን ዕፅ ከትፈው በፎስፎሪክ አሲድ ይዘፈዝፉታል፤ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃም 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል ሙቀት ያከስሉታል፤ ከዚያም አሲዱ እስኪለቅ ደጋግመው ያጥቡታል። ይህ አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል። የአንዱ ግራም ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ 500፣ አንዳንዴም 1000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ቀለሙ የሚጣበቀውም በዚሁ ገጽ ላይ ነው።

የአገራችን ተመራማሪዎች ከቡና ገለባና ከመቅመቆ ይህን ከሰል ሠርተው ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ከውኃ አውጥተውበታል። መቅመቆ! እናቶቻችን ለቅቤ ማንጠሪያና ማቅለሚያ የሚያውቁት ተክል ቀለም ማስለቀቂያ ሆነ ማለት ነው።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እዚህ ላይ ነው። ከምድጃ የወጣ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ የወንዝ ውኃ ቢያጠልሉበት፣ ውኃው ጠርቶ ሳለ ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን በውስጡ ይኖራሉ። ስለዚህ የጠራውም ውኃ ቢሆን ይፍላ። ማፍላት በበኩሉ ቀለምን አያጠፋምና ቀለም የተደፋበትን ምንጭ ለመጠጥ አትቅዱ፤ የንከራውንም ትርፍ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ አርቃችሁ ድፉ። ፋብሪካ የሚጠቀምበት አክቲቬትድ ካርቦንም ቢሆን ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ መሳቡን ያቆማል፤ ያን ጊዜ በአዲስ ይተካል። የጠገበው ከሰል ቀለሙን እንደያዘ ስለሆነ ወንዝ ውስጥ አይጣልም።