መብራት የጠፋው የእኛ ቤት ብቻ ነውን?

በክረምት ምሽት መብረቅ ሲያብለጨልጭና ነፋስ የዛፉን ቅርንጫፍ በሽቦ ላይ ሲጥል፣ መብራት ድንገት ይጠፋል። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ «እናንተስ ጋ አለ?» ብለን ጎረቤት እንጠይቃለን። ለመሆኑ ከዚህ ጥያቄ መልስ ምን ዕውቀት ይገኛል?

መስመሩ እንዴት ይደርሰናል?

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሰፈር የሚገባው በአብዛኛው በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ትራንስፎርመር ይህን ዝቅ አድርጎ በሦስት ፌዞችና በአንድ ኒውትራል ሽቦ ያከፋፍለዋል። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት ይገኛል። መኖሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ፌዝ ብቻ ስለሚያገኙ፣ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች በተለያየ ፌዝ ሊገለገሉ ይችላሉ።

ከመልሱ የሚገኘው ፍንጭ

መብራት የጠፋው በአንድ ቤት ብቻ ከሆነ፣ የቤቱን ፊውዝ፣ ቆጣሪውን ወይም ከምሰሶው የሚመጣውን ሽቦ መጠርጠር ይገባል። ከጎረቤቶች ለከፊሉ ጠፍቶ ለከፊሉ ካለ፣ አንድ ፌዝ ተቋርጦ ይሆናል። በአንድ ትራንስፎርመር የሚገለገሉት ሁሉ ከጨለሙና ቀጣዩ ሰፈር ከበራ፣ ጥርጣሬው ወደ ትራንስፎርመሩና ወደ ፊውዞቹ ያመራል። ብዙ ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን ችግሩ ከዚያ በላይ ባለው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጥገና ሠራተኞች የጠፋበትን ሰዓትና የጠፋባቸውን ቤቶች ለይቶ መንገር የፍለጋውን ቦታ ያጠብባል።

አስቸኳዩ መልእክት

አንዱ ጎረቤት «አምፖላችን ፈዘዘ»፣ ሌላው «የእኛ ከወትሮው በላይ ደመቀ» ካሉ፣ የጋራው ኒውትራል ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በሁለት ፌዞች ያሉ ቤቶች 380 ቮልቱን እኩል ሳይሆን እንደየሬዚስታንሳቸው ይካፈሉታል። አንዱ ቤት ባለ 2000 ዋት ምድጃ፣ ሌላው ባለ 100 ዋት አምፖል ብቻ አብርተዋል እንበል። የ220ን ካሬ ለዋቱ ስናካፍል፣ የምድጃው ሬዚስታንስ 24.2፣ የአምፖሉ ደግሞ 484 ኦም ይሆናል። እንግዲህ ምድጃው 18 ቮልት ያህል ሲያገኝ፣ በአምፖሉ ላይ 362 ቮልት ያህል ይወድቅበታል! በአምፖሉ ፋንታ ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ሊቃጠል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችል ነበር። ስለሆነም ምልክቱን ያየ ሰው ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ወዲያውኑ ለጎረቤቶቹ ያስታውቅ።

«ሽቦ መሬት ላይ ወድቋል» የሚለው ወሬም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር መዳረስ አለበት። ከወደቀው ሽቦ በራቅን ቁጥር የመሬቱ ቮልቴጅ ስለሚቀንስ፣ በሁለት እግሮቻችን መካከል ልዩነት ተፈጥሮ ኤሌክትሪክ በሰውነታችን ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው መብራት በጠፋበት ሰፈር ቢሆንም እንኳ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ሕፃናትንና ከብቶችንም ማራቅ ያስፈልጋል። በቅርብ የተገኘ ሰው እግሮቹን ገጥሞ፣ ከመሬት ሳያነሳ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ይራቅ።

አንድ ቤት ብቻውን የሚያየው ጨለማውን ነው፤ የብልሽቱን ቦታ የሚያሳየው ግን የብዙ ቤቶች ምልከታ ሲገናዘብ ነው። ማዕበሉ እስኪያልፍ ደጅ ሳንወጣ በስልክ መጠያየቁ ለዚህ ይበቃል።