ታንኳችን የጠጣችው ውሃ

በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ትምህርት ከደጃችን ድረስ እንዴት እንደ መጣ በአጭሩ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

ቤታችን ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ነው። አባቴ ማገዶ በታንኳ እየጫነ በየገበያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል፤ የምማረውም በዚሁ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ በውስጡ አየር የቋጠረ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ከውሃ ውስጥ ሲሰነብት አየሩ እየወጣ በፈንታው ውሃ ይገባበታል። ስለዚህ ከገበያ መልስ ታንኳዋን ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው። ይህም የእኔ ድርሻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ፈተና ደረሰብኝ ብዬ አራት ቀን ሙሉ ሳላወጣት ቀረሁ። አባቴም ሳይነጋ ሲወርድ፣ ከውሃው ላይ ቢያገኛት እኔ አስቀድሜ ያወረድሁለት መስሎት እንደ ወትሮው ጭኖ ሄደ። ከመንገድ ላይ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ በጎኗ ይገባ ጀመር። አባቴ የማገዶውን እኩሌታ ሐይቅ ውስጥ ጥሎ በጭንቅ ከዳር ደረሰ። ማታ ሲገባ አልተቆጣኝም፤ «ልጄ፣ ታንኳዋ ከብዳ ነበር» ብቻ አለኝ። ይህ ቃል ከዱላ ይልቅ አመመኝ።

በማግሥቱ ባዶዋን ለካኋት፤ ከደረቀችም በኋላ እንደ ገና ለካኋት። ልዩነቱ 4 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የጥንቱ ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፣ ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይገፋል። ታንኳችን ውሃ ላይ የምታርፍበት ስፋት 2.5 ሜትር ካሬ ያህል ነው። ስለዚህ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስትል 25 ሊትር ውሃ፣ ማለት 25 ኪሎ ግራም ትገፋለች። በ4 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። አባቴ ለካስ ከማገዶው ሌላ፣ ዓይን ያላየው አንድ ኩንታል ውሃ ጭኖ ኖሯል!

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ነገሮች አሻሻልሁ።

አንደኛ፣ ታንኳዋ ደርቃ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ውሃው በሚደርስበት ልክ፣ በግራና በቀኝ ቀይ ክር አሰርሁ። ክሩ ከውሃ በታች ከገባ፣ ሳትጫን ወደ ፀሐይ ትመለሳለች።

ሁለተኛ፣ ነፋስ ከሥሯ እንዲያልፍ ማድረቂያ የሚሆኑ ሁለት ግንዶች አጋደምሁ፤ ውሃውም እንዲንጠፈጠፍ አፍንጫዋን ከፍ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ደንገል ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ የላላውን ገመድ አጠብቃለሁ፤ የበሰበሰውንም አገዳ እለውጣለሁ።

አራተኛ፣ ጭነቱ ከእርጥቡ ላይ እንዳያርፍ፣ እየወጣ የሚደርቅ የደንገል ንጣፍ ከውስጧ አነጠፍሁ።

ደንገል ቢጠነቀቁለት ደካማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ከጣና በተቆረጠ ደንገል «ራ» የምትባል ጀልባ አሠርቶ አትላንቲክን ሊሻገር ተነሣ፤ ጀልባዋ ግን ውሃ ጠጥታ ጅራቷ ስለ ሰመጠ ከመድረሷ በፊት ተዋት። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. አሠራሯ የተሻሻለው ሁለተኛይቱ «ራ» ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኛ የተውነውን ሥራ ሌላ ሰው ሳያውቀው ይሸከመዋል። ፊደል ያልቈጠረው አባቴ የአርኪሜዴስን ስም አያውቅም፤ ነገር ግን ዛሬ ማገዶውን ከመጫኑ በፊት ጎንበስ ብሎ ቀዩን ክር ያያል።