ቀኑን ሙሉ ነድተን የማይሞላው ሁለተኛ ባትሪ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀርመን ነው። የመኝታ ቫናችን ለመብራትና ለፍሪጅ የተለየ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ቀኑን ሙሉ ነድተን ብናድርም እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያልቃል። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ፤ መጀመሪያ ይለኩ። ምንም ኃይል ሳይሳብበት ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው እዚያው ባትሪው ጫፎች ላይ እንደገና ይለኩ። ከ14 ቮልት በታች ከቀረ፣ ኃይሉ በሚገባ እየደረሰው አይደለም። ያን ጊዜ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ሻሲው ላይ የታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድ ይመርምሩ፤ የላላ ወይም የዛገ እስር ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ጥፋት ነው።

ቫንዎ ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟላ ከሆነ ግን ዋናውን ምክንያት ሌላ ቦታ እጠረጥራለሁ። የብዙዎቹ ዲናሞ የሞተሩ ባትሪ ሲሞላ ቮልቱን ይቀንሳል፤ ተራ ሪሌ ብቻ ካለዎት ሁለተኛው ባትሪ ሳይሞላ ይቀራል። መፍትሔው የወረደውን ቮልት ከፍ አድርጎ ሁለተኛውን ባትሪ የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ነው።

ፍሪጁንም አይርሱ። በጋዝም በ12 ቮልትም የሚሠራው ዓይነት 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ከ100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚወጣው ግማሹ ስለሆነ፣ አምስት ሰዓት ያህል ነው የሚያቆየው። ቆመው ሲያድሩ ወደ ጋዝ ያዙሩት።

የተቃጠለ ፊውዝ በትልቅ አምፔር ፈጽሞ አይተኩ፤ ገመዱ ሊነድ ይችላል፣ ውስጡ ደግሞ ቤተሰብዎ ይተኛል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ የሞላው ባትሪ ምንም ኃይል ሳይሳብበት አድሮ ቮልቱ ከወደቀ፣ ያን ጊዜ ይግዙ።