አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ቬንትሌተሩንና በረዶ ማቅለጫውን ስለ መመርመር



በየወረዳው የእንስሳት ሕክምና ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ ሰው እምብዛም የማያስበው ማቀዝቀዣውን ነው። ነገር ግን የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎረርሳ ክትባት የሚጠበቀው በእርሱ ነው። በ1880 ዓ.ም. የገባው የደስታ በሽታ ከብታችንን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣብን መከላከያው ባልነበረበት ዘመን ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ይህ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ሊታወጅ የበቃውም በክትባት ኃይል ነው። ክትባቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ ጠርሙሱን አይቶ ይህን የሚያውቅ የለም። ገበሬው ከብቱን ከሩቅ ነድቶ ያስከትባል፤ በሬው ኋላ ቢሞትበት በሚመጣው ዓመት ከብቱን አያወጣም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል።

ለክትባት ተብሎ የተሠራው ማቀዝቀዣ የተሻለ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለቤት የተሠራው፣ በረዶውን በራሱ የሚያቀልጠው ዓይነት በሚሠራበት ስፍራ ጠባዩን ማወቅ ይገባል። ብርዱ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ፣ ይኸውም ከበረዶ ቤቱ የኋላ ግድግዳ በስተጀርባ በተሰወረው ጠምዛዛ ቧንቧ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ ብርዱን እየነፋ ከፊሉን ለበረዶ ቤቱ ይሰጣል፤ ከፊሉንም በመተላለፊያ ወደ ታችኛው ክፍል ይሰድዳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት በቧንቧው ላይ አመዳይ ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ታይመር የሚባለው ሰዓት ሞተሩ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ያቆመውና የማሞቂያውን ሽቦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ያበራል። ቧንቧው በበቂ ሲሞቅ ትንሹ ቴርሞስታት ማሞቂያውን ያጠፋል፤ የቀለጠውም ውሃ በቀዳዳ ወርዶ ከሥር ባለው ሳህን ላይ ይተናል።

ከነዚህ አንዱ ሲጎድል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ምልክት፣ ላይኛው ክፍል እየበረደ ታችኛው መሞቁ ነው። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው መቆጣጠሪያውን ወደ ብርቱ ብርድ ያዞራል፤ ይህ ግን ጉዳት ነው። ነፋሱ ታግዷልና ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይደክማል እንጂ ታችኛው ክፍል አይበርድም። ኋላ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ብርዱ ባንድ ጊዜ ይወርድና እንደ አባ ጎርባ ክትባት ያለውን ፈሳሽ በረዶ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ለሥራ አይሆንም።

እንግዲህ መርማሪው አስቀድሞ በጆሮው ይመርምር። በሩ ሲከፈት ቬንትሌተሩ በብዙዎቹ ዘንድ ስለሚቆም፣ የበሩን ማብሪያ በጣቱ ተጭኖ ያድምጥ። ሞተሩ እየሠራ ቬንትሌተሩ ዝም ቢል ጥፋቱ በቬንትሌተሩ ወይም በማብሪያው ነው። መብራት እያለ ሁለቱም ዝም ብለው ቢቆዩ ታይመሩ በማቅለጫው ጊዜ ላይ ተገትሮ እንደሆነ ይጠርጠር። የመፋቅ ድምፅ ቢሰማ ክንፉ በረዶ እየነካ ነው። ዘይት ጠብ ማድረግ ጩኸቱን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል እንጂ ያረጀውን ቬንትሌተር አያድነውም።

ቀጥሎ የበረዶ ቤቱን የኋላ ግድግዳ ይመልከት። አመዳይ ከሸፈነው ማቅለጫው አልሠራም ማለት ነው፤ ወይም የበሩ ላስቲክ ላልቶ እርጥበት ያለ ልክ እየገባ ነው። በበሩ መካከል የተዘጋ ወረቀት ሲሳብ ያለ ችግር ከወጣ ላስቲኩ ይለወጥ። ክዳኑ ተፈትቶ ሲታይ አመዳዩ በቧንቧው አንድ ወገን ብቻ ቢገኝ ጋዙ ሳይጎድል አይቀርም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና ደግሞ አለ። ክትባቱ በረዶ ወዳለበት ሣጥን ይዛወር፤ ጠርሙሶቹም በረዶውን እንዳይነኩ በካርቶን ይለዩ። ከዚያ ስፒናው ተነቅሎ በሩ 24 ሰዓት ተከፍቶ ይቆይ። ማቀዝቀዣው ጥቂት ቀን ደኅና ሠርቶ እንደ ገና ቢበላሽ ጥፋቱ ከማቅለጫው ወገን ነው። አዲስ ማቀዝቀዣ ይገዛ የሚል ጽሕፈት የቀረበለት ሹም ከመፈረሙ በፊት ይህ ፈተና ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ታይመርና ማሞቂያ ሽቦ ለመለወጥ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግምና። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቧንቧው ይበሳል፤ በብዙዎቹ አዲሶች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን የሚባለው ጋዝ በእሳት ይያያዛል። በጥንቶቹ ያለው ጋዝም በ1980 ዓ.ም. በተፈረመው የሞንትሪያል ውል እንዲቀነስ የተወሰነበት፣ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ነው።

ማቅለጫው ከተጠረጠረ፣ ቧንቧው በርዶ ሳለ ታይመሩ ቀጭ እስኪል ድረስ በካቻቢቴ ቀስ ተብሎ ይዙር። ሞተሩ ቆሞ ማሞቂያው ቢሞቅ የደከመው ታይመሩ ነው። ባይሞቅ ስፒናው ተነቅሎ ማሞቂያውና ቴርሞስታቱ በቴስተር ይለኩ። በዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች ይታለላሉ፤ ቴርሞስታቱ በብርድ የሚገናኝ፣ በሙቀት የሚለያይ ስለሆነ፣ በሞቀ ክፍል የለካው ሰው ደኅናውን ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። አስቀድሞ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ ይለካ።

ከጥገናው በኋላ ቴርሞሜትር በታችኛው ክፍል መካከል ይቀመጥ፤ አንድ ሙሉ ቀን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየቱ ሳይጻፍ ክትባቱ አይመለስ። ሲመለስም ጠርሙሶቹ ብርዱ ከሚወርድበት ቀዳዳ ፊት ለፊት አይደርደሩ። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ሳለ በውስጡ የነበሩት ለብቻ ተለይተው፣ የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ለማንም ከብት አይወጉ።