የጥርስ ሽፋን ሲያሠሩ ዕድሜውንም ይጠይቁ

የኮንጋ ገበሬ እሸት ቡናውን ሸጦ ገንዘብ የሚይዘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ነው። ከዚህ ላይ ቆርሶ የጥርስ ሽፋን ለማሠራት ያሰበ ሰው ከዋጋው ጋር ዕድሜውንም ያስላ።

የወርቅ ቅይጥ ለመንጋጋ ጥርስ ይበረታል፤ ዋጋው ግን ከወርቅ ገበያ ጋር ይወጣል። በብረት ላይ የተለበጠ ፖርሴሊን ጥርስ ይመስላል፤ ሊሸረፍ ይችላል። ዚርኮንያ ነጭም ጠንካራም ነው።

ለምሳሌ 6,000 ብር የተከፈለበት ሽፋን 5 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 1,200 ብር ፈጀ ማለት ነው። 12,000 ብር የወጣበት 15 ዓመት ቢቆይ ግን 800 ብር ብቻ።

ሽፋኑ ቢነቃነቅ በሙጫ አይለጥፉ፤ ከሥሩ ጥርሱ ሳይበላ ፈጥነው ይታከሙ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊትም የሥር ሕክምናውና ቢሰበር መተኪያው በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ያረጋግጡ።